የደብሪቱ ሐረግ

ደብሪቱ ግቢዬ ከገባች ጀምሮ ተደላድላ ተቀምጣ አይቻት አላውቅም ነበር። ተቀመጪ ስላት ትቀመጣለች፤ ግን ለእኔ ብላ ነው እንጂ ለራሷ አይደለም። ግማሽ ጎኗ ወንበሩ ላይ፣ ግማሹ በሩ ላይ ነው። እግሯ መሬቱን ይደበድባል፣ ዓይኗ መስኮት መስኮቱን ያያል፣ ገና ወሬዬን ሳልጨርስ «በሉ እትዬ መሰረት፣ ልነሳ» ትላለች። ወዴት እንደሆነ ብትጠየቅ እሷም አታውቀው። እኔ ደግሞ ሰው ሲቁነጠነጥ ማየት አልወድም፤ ጨጓራዬን ያነሳብኛል።

ሥራዋን አላማትም። ሰፈሩን እየዞረች ልብስ ታጥባለች፤ ያጠበችው ነጠላ ከሱቅ የወጣ ይመስላል። ትርፍ ጊዜ ስታገኝ ግን መናኸሪያ ትሄዳለች። የምትሳፈርበት ጉዳይ ኖሯት አይደለም። ዝም ብላ ቆማ አውቶቡስ ሲገባና ሲወጣ ታያለች። አንድ ቀን «ለመሆኑ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?» ብላት «መኪናው በየት በየት እንደሚወጣ ማወቅ ደስ ይለኛል» አለችኝ። ይህን ስትለኝ ፊቷ ላይ ቀልድ አልነበረም።

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ካለው ግቢዬ ጓሮ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ያከራየሁት ለእሷና ለባሏ ለታደለ ነው። ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ገበሬዎች ናቸው። መጀመሪያ መጠለያ ጣቢያ ነበሩ፤ ኋላ ታደለ አንዱ ፋብሪካ ጥበቃ ሆኖ ሲቀጠር ቤት ተከራይተው ወጡ። እኔ ጋ ከመድረሳቸው በፊት ጠባሴን ከዳር እስከ ዳር ተከራይተዋታል ብል ብዙም አላጋነንኩ። አንዱ ቤት ቀዘቀዛት፣ አንዱ ጋ ውሻው ጮኸባት፣ አንዱ ጋ ጎረቤቱ ጥያቄ አበዛባት። ታደለ ዝምተኛ ነው፤ ፍራሹን ተሸክሞ ይከተላታል።

ሲገቡ ደንቤን ነገርኳቸው። ውሻ አይገባም፣ የሰካራም ጩኸት አይሰማም፣ ግድግዳዬን ሚስማር አይነካውም። ግድግዳው የጭቃ ነው፤ አንድ ሚስማር ሲገባበት አንድ ክንድ ልስን ይዞ ይወርዳል። ደብሪቱ ሳቅ ብላ «ምን የምንሰቅለው አለን ብለው ነው?» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። ዕቃቸው በሁለት ማዳበሪያ ተከቶ ነው የመጣው። ከአንዱ ብርድ ልብስና ልብስ አወጡ። ሁለተኛው አፉ በሲባጎ እንደታሰረ ጥግ ላይ ቆመ፤ እንደቆመም ቀረ። ታዲያ ይህች ሴት ወጥ መሥራት ባሰኛት ቁጥር እኔ ጋ ትመጣለች። «ድስት ያውሱኝ እትዬ።» እኔም አውሳለሁ። አንድ ቀን ግን ትዕግሥቴ አለቀ።

«ቆይ፣ እዚያ ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

«ድስት ነው። ማማሰያና ሰሃንም አለበት።»

«ታዲያ ለምን አትፈቺውም?»

«ከፈታሁት፣ መልሼ ማሰር ሊኖርብኝ ነው» አለችና ድስቴን ይዛ ሄደች።

ይህን ካለችኝ ብዙም ሳይቆይ ስልክ ተደወለላት። ደዋይዋ ምስራቅ ትባላለች፤ ወለጋ ሳሉ ጎረቤቷ የነበረች፣ ችግሩ ሳይመጣ አረርቲ ተድራ የሄደች ሴት ናት። በሰው በሰው ስልኳን አፈላልጋ ነው። ተላቀሱ፣ ተሳሳቁ፣ ማን አለ ማን የለም ተባባሉ። በመጨረሻ ምስራቅ እግረ መንገዷን «ሐረግሽ እኮ አለች፤ ግድግዳዬን ሞልታልሻለች» አለቻት። ደብሪቱ ስልኩን ይዛ ከሰርቪሷ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ሰርቪሷ ስትመላለስ አየኋት። አንድ ሰው የሞተ መስሎኝ ነጠላዬን ማፈላለግ ጀምሬ ነበር።

ሐረግ የምትላት ያቺን ባንክ ቤትና ሆቴል ውስጥ የምናያትን የቤት ውስጥ ተክል ነው። ቅጠሏ ልብ ይመስላል፤ አረንጓዴው ላይ ቢጫ የተረጨበት ነው። ዋና ስሟን እሷም አታውቅ፣ እኔም አላውቅ፣ ሁላችንም ሐረግ ብለን አልፈናታል። የሞቃት አገር ተክል ናት። ወለጋ፣ ደብሪቱ ሳሎን ውስጥ፣ በአንድ ጣሳ ተተክላ ግድግዳውን ሁሉ ዞራ ተመልሳ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። እንግዳ ሲገባ ጭንቅላቱን ትነካዋለች፣ ታደለ እንቁረጣት ይላል፣ ደብሪቱ እምቢ ትላለች። ከዚያች ነበር ለምስራቅ ሠርግ አንድ ቅርንጫፍ የሰጠቻት። ቤቱ ቀረ። ከብቱ፣ በቆሎው፣ ማንጎው፣ ጣሳው ቀረ። «በሩን እንኳ ሳልዘጋ ነው የወጣሁት» ትላለች። አሁን ከዚያ ቤት በሕይወት ያለ አንድ ነገር አረርቲ ውስጥ ግድግዳ ላይ እየተሳበ ነው።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋባት። ያጠበችውን ልብስ ደግማ ታጥባለች። አንድ ነገር ልትነግረኝ ትመጣና ረስታው ትመለሳለች። በመጨረሻ ታደለን «አምጥቼ እዚሁ አስይዛታለሁ። ከያዘች እኖራለሁ። ካልያዘች ይህ አገር አልፈለገንም ማለት ነው፤ አረርቲ እንሂድ» አለችው። ታደለ ከአዳር ጥበቃ መልስ ዓይኑ ደም ለብሶ እኔ ጋ መጣ። «እትዬ መሰረት፣ ይቺን ቅጠል አደራ። ሥራዬ እዚህ ነው። ቤት መቀየር ደክሞኛል» አለኝ። ታደለ ይህን ያህል ሲናገር ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም።

ደብረ ብርሃን ላይ በታኅሣሥ የሞቃት አገር ሐረግ ማስያዝ ምን ማለት እንደሆነ የእኛ ሰው ያውቃል። ጠዋት ስንነሳ ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ነው የምናገኘው። ይህን ብነግራትም አልሰማችኝም፤ አረርቲ ሄደች።

ምስራቅ ሁለት ቅርንጫፍ ሰጠቻት። አቆራረጡን ደብሪቱ ራሷ ታውቅበታለች። ከአንጓው ዝቅ ተብሎ ነው የሚቆረጠው። አንጓው ላይ ኪንታሮት የምትመስል ቡናማ ነገር አለች፤ ሥሩ የሚወጣው ከእሷ ስለሆነ ያቺ ከተጎዳች ነገሩ አበቃ። ሁለቱንም በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለችና ፌስታል ውስጥ ከተተቻቸው። መንገድ ላይ መኪና ቀይራ የደብረ ብርሃኑን አውቶቡስ ተሳፈረች። ዳገቱ ሲጀመር ብርዱ በመስኮቱ ይገባ ጀመር። ይህን ጊዜ ፌስታሉን በነጠላዋ ሸፈነች። ነጠላው አልበቃ ሲላት ጋቢዋን ደረበችበት፣ ደረቷ ላይም አቀፈችው። በየመሃሉ ገለጥ እያደረገች ትንፋሿን እፍ ትልባቸዋለች፣ መልሳ ትሸፍናለች።

አጠገቧ አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል። ወለተሐና ይባላሉ፤ እዚሁ ጠባሴ፣ ከእኛ ዝቅ ብሎ ነው የሚኖሩት። ይህን ሁሉ ሲያዩ ቆዩና ጎንበስ ብለው «እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ ልጄ» አሏት።

ደብሪቱም «ማርያም ታኑርዎት» አለች።

ከዚያማ ነገሩ ከእጇ ወጣ። እማማ ወለተሐና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አራስ አለች፣ መስኮት ዝጉ» አሉ። አውቶቡሱ ሙሉ መስኮት ተዘጋ። ረዳቱ ሞተሩ አጠገብ ያለውን ሞቃት ቦታ አስለቀቀላት። በስልኩ ሙዚቃ የከፈተው ጎረምሳ እንዲያጠፋ ተደረገ። ወንድ ነው ሴት ሲሏት «ሴት ናት» አለች። የልጂቱን ስም ሲጠይቋት «ገና አልወጣላትም» አለች። ሰፈሯን ሲጠይቋት «እትዬ መሰረት ግቢ ነኝ» ብላ የእኔን ስም ጨመረችበት። አሮጊቷ እስቲ ልያት ሲሉ ግን «ብርድ ይመታታል» ብላ ጭምቅ አድርጋ አቀፈች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ይህን ሁሉ መንገድ ሳትነሳ ሳትቁነጠነጥ የመጣችው ያን ዕለት ይመስለኛል፤ መንቀሳቀስ ፈርታ።

ስትነግረኝ መጀመሪያ ሳቄ አመለጠኝ። ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። «አራስ አይደለሁም ማለት ያቅታል? በማርያም ስም ሲመርቁሽ ዝም ይባላል?»

«እኔ ምን አውቄ፣ አፌ ቀደመኝ» አለችና ተነሥታ ወጣች።

ሁለቱን ቅርንጫፍ በሁለት ሃይላንድ ውሃ አድርጋ ሰርቪሷ መስኮት ላይ አቆመቻቸው። ቅጠሉ ከውሃው ውጭ፣ አንጓው ውሃ ውስጥ። በሁለተኛው ይሁን በሦስተኛው ጠዋት ጩኸቷን ሰምቼ ሄድኩ። ከመስታወቱ ጋር የተጠጋችው አንደኛዋ ውርጭ መትቷት ጠቁራለች፣ የተቀቀለ ጎመን ሆናለች። ሌላዋም አንድ ቅጠሏ ዳር ዳሩን ቡናማ ጀምሮታል። የቀረችው ያቺ ብቻ ናት።

ይህም ሳያንስ አላስቀመጠቻትም። ማለዳ ከሃይላንዱ ታወጣታለች፣ ታገላብጣታለች፣ ኪንታሮቷን በጥፍሯ ነካ ታደርጋለች፣ ትመልሳታለች። ልብስ አጥባ ስትመለስ ደግሞ ታወጣታለች። «ኮቱ፣ ኮቱ» ትላታለች፤ በኦሮምኛ ነይ፣ ነይ ማለት ነው። «አማርኛ አትሰማም?» ብላት «የተወለደችው እዚያ ነው» አለችኝ።

አንድ ጠዋት እንዲሁ ስታገላብጣት ደርሼ ሃይላንዱን ከእጇ ነጠቅኳት። «አሁን ይበቃል። ሥር ሊያወጣ የሚችል ነገር ሁሉ በአንቺ ምክንያት ይጨነግፋል» አልኳት። ሳሎኔ ወስጄ የዲሹ ሪሲቨር አጠገብ አስቀመጥኩት። ሪሲቨሩ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ለብ ይላል፤ ከቤቴ ከእሱ የሚሞቅ ጥግ የለም። እንዳይደፋበት በሁለት መጽሐፍ አጥሬ አቆምኩት። ከዚያ የልጄን የሱፍ ካልሲ አመጣሁና ሃይላንዱን እስከ አንገቱ አለበስኩት። ሥር ጨለማ ይወዳል ይባላል፤ ዋናው ግን እሷ እንዳታየው ነው።

«እስከ ገና አትነኪያትም። ካልሲውንም አታወልቂም። ከነካሽ አልምርሽም።»

«እሺ» አለች። እሺ ስትል ድምፁ ከሆዷ ሳይሆን ከጉሮሮዋ ነበር የወጣው።

ያ ሰሞን ለእኔም ቅጣት ሆነ። ሪሲቨሩ እንዲሞቅ ቴሌቪዥኑ መከፈት አለበት፤ የማልፈልገውን ድራማ ሁሉ አየሁ። መብራት ሲጠፋ ደብሪቱ ጋቢዋን ይዛ ከየትም ትደርሳለች። ሃይላንዱን ከነካልሲው ጠቅልላ አቅፋ መብራቱ እስኪመጣ በሬ ሥር ቆማ ትጠብቃለች። ተቀመጪ ስላት «ቆሜ ይሻለኛል» ትላለች። ካልሲውን በእጇ ስትዳስስ ሳያት እቆጣታለሁ። ለነገሩ እኔም ብቻዬን ስሆን በሃይላንዱ አንገት ቁልቁል ለማየት ሞክሬያለሁ፤ የሚታይ ነገር የለም።

መናኸሪያ መመላለሷ ባሰ። የአረርቲ ተሳፋሪ የሚነሣበትን ሰዓት ጠይቃ መጣች። ታደለም ይህን ሰምቶ ምሳውን ሳይጨርስ ተነሣ። እኔንም ከፋኝ፤ ካልለመድኳት ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ገና ሳይደርስ፣ ቅዳሜ ከቅዳሴ መልስ፣ የግቢው በር ተንኳኳ። ስከፍት እማማ ወለተሐና ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። በአንድ እጃቸው የገብስ ዱቄት በፌስታል፣ በሌላው ቅቤ በትንሽ ሳህን ይዘዋል።

«አራሷን ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አሉ።

«የትኛዋን አራስ፣ እማማ?»

«አውቶቡስ ላይ አብራኝ የመጣችውን ነዋ። እዚህ ነኝ ብላኛለች። ጉንፋን ይዞኝ እንጂ እስካሁን አልቆይም ነበር።»

ሳሎን አስገብቼ አስቀመጥኳቸው። ልዋሽላት ወይስ እውነቱን ላፍርጠው እያልኩ ሳወጣ ሳወርድ ደብሪቱ ራሷ ከውጭ ገባች። ከመናኸሪያ መምጣቷ ነው፤ አፍንጫዋ በብርዱ ቀልቷል፣ ራሷንም አልተከናነበችም። እማማ ወለተሐና ሲያዩዋት ደነገጡ።

«አንቺ፣ አራስ ሆነሽ በዚህ ውርጭ ጆሮሽን ሳትሸፍኚ? ብርድ ቢገባብሽስ? ልጂቱን ለማን ጥለሽ ነው?»

ደብሪቱ እኔን አየች፣ አሮጊቷን አየች። ከዚያ ወደ ቴሌቪዥኑ ሄዳ ሃይላንዱን ከነካልሲው አነሣችና አምጥታ ፊታቸው ያለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

«ይቺ ናት» አለች።

እማማ ወለተሐና ቅጠሏን አዩ፣ ካልሲውን አዩ። ነገሩ ሲገባቸው ፊታቸው ከሰል መሰለ።

«ቅጠል ነው? ለቅጠል ነው አውቶቡስ ሙሉ ሰው ያስቸገርኩት? እኔ እንኳን ማርያም ማረችሽ ስልሽ አንቺ በማርያም ስም መለስሽልኝ። እኔስ ልታለል፣ እሷ ትታለላለች?» ዱቄቱን አንሥተው ለመሄድ ተነሡ።

«አልዋሸሁም፣ እማማ» አለች ደብሪቱ።

«አራስ ነሽ?»

«አይደለሁም።» እጆቿን ጨብጣለች፤ እግሯ ግን ዛሬ መሬቱን አይደበድብም። «ወለጋ ከቤታችን ስንወጣ ብዙ ነበርን። ጫካ ለጫካ ነው የመጣነው። አብረውን ከወጡት ያልደረሱ አሉ። እዚህ ስንደርስ ሰው ሁሉ ደግ ነበር፣ አልዋሽም። ብርድ ልብስ ሰጡን፣ ስንዴ ሰጡን። ምን ጠፋብሽ ይሉኛል። ማን ሞተብሽ ይሉኛል። አይዞሽ ይሉኛል። እንኳን ማረችሽ ያለኝ ሰው ግን አልነበረም። እርስዎ አሉኝ። ለልጅ ብለው እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ደግሞ ምራኛለች። እኔንም፣ ታደለንም ምራናለች። ታዲያ ምን ልመልስ? ማርያም ታኑርዎት አልኩ።»

ቴሌቪዥኑ ብቻውን ይለፈልፍ ነበር፤ ተነሥቼ ድምፁን አጠፋሁት። ዓይኔ እንባ ሞልቶት ቁልፉን እንኳ አላየሁትም።

እማማ ወለተሐና ቀስ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። ዱቄቱን ጠረጴዛው ላይ፣ ሃይላንዱ አጠገብ አኖሩት። ወደ ቅጠሏ ጎንበስ ብለው «ይዛለች?» አሉ።

«አላየሁም። እስከ ገና አትንኪ ተብያለሁ።»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ደንበኛ ግትር ሰው ነኝ፤ ያልኩትን ማስለወጥ አይቻልም። «አውልቂው እስቲ» አልኩ።

ደብሪቱ ካልሲውን አወለቀች። በጥድፊያ ስለሳበችው ውሃው ሁሉ ተወዛወዘ። ረጋ ሲል ከኪንታሮቷ ሥር ሁለት ነጫጭ ነገሮች ተንጠልጥለው አየን። አንደኛው የገብስ ፍሬ ያህላል፣ ሌላው ረዘም ብሎ ጫፉ ታጥፏል። ደብሪቱ ወንበር አልፈለገችም፤ እዚያው ወለሉ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች፣ ሁለት እግሯን ዘረጋች። «በሉ ልነሣ» ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። አላለችም።

እማማ ወለተሐና ነጠላቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ አደረጉ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «እንግዲህ ገንፎው ከመጣ አይቀር ይሠራል። ያመጣሁትን ቅቤ መልሼ አልወስድም። ድስት አምጡልኝ» አሉ።

እንደ ልማዴ የእኔን ድስት ላመጣ ተነሣሁ።

«ይቀመጡ እትዬ» አለችኝ ደብሪቱ። ከወለሉ ተነሥታ ወደ ሰርቪሷ ሄደች። ቆየች። ታደለ ከእንቅልፉ ተነሥቶ «ምን ሆነሻል?» ሲላት ይሰማኛል። ስትመለስ በአንድ እጇ ድስት፣ ብብቷ ሥር ማማሰያ ይዛለች። ድስቱ ማዳበሪያ ማዳበሪያ ይሸታል፤ አንድ ጊዜም እሳት አይቶ አያውቅ፣ ዋጋው የተለጠፈበት ወረቀት እንኳ አልተላጠም። ድስቱን ለእማማ ወለተሐና ሰጠች። በሌላው እጇ የማዳበሪያው ሲባጎ ጣቷ ላይ ተጠምጥሟል።

«እትዬ መሰረት፣ ሚስማር አለዎት?»

«ለምን?»

«ይህን ከመስኮቱ እስከ በሩ ልወጥረው ነው። ስታድግ የምትሄድበት ያስፈልጋታል።»

ግድግዳዬን ሚስማር አያውቀውም ብያለሁ። ሚስማሩ ያለበትን ጣሳ ፍለጋ ጓዳ ገባሁ።